ልጅን ስለ መሻት፤ ምክንያትን ስለ ማሟላትና በአላህ ስለ መመካት

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ሰውን ከደካማ ጠብታ ፈጥሮ ላቆመው፣ ለሚሻው ሰጥቶ ከሚሻው ለሚከለክል፣ በመስጠቱም ሆነ በመከልከሉ ጥበበኛ ለሆነው ጌታ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልንጀሮቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ነጋዴ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ሰውዬው በጨርቅ ንግድ የታወቀ፣ ሰላቱን የሚጠብቅ፣ ዘካውን የሚያወጣ ሰው ነው። ካገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ ግን አላገኘም። አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሰው እስኪበተን ቆየና ወደ እኔ ቀረበ፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፤ «ሸኻችን ሆይ፤ ልጅ ለማግኘት ወደ ሐኪም ብሄድ በአላህ ውሳኔ ላይ ማመፅ ይሆንብኛልን? አላህ ያልሰጠኝን በገንዘቤ ለመግዛት መሞከር አይደለምን?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ከመመለሴ በፊት፤ «አንተና ባለቤትህ ተመርምራችኋልን?» አልሁት። እርሱም፤ «እርስዋ ሦስት ጊዜ ተመርምራለች፤ ሐኪሞቹም ምንም አላገኙባትም። እኔ ግን ጤነኛ ነኝ፤ ምን ሆኜ እመረመራለሁ?» አለኝ።

ከጥያቄው ይልቅ ይህ መልሱ አስደነገጠኝ። ሰውዬው ስለ አላህ መብት ይጨነቃል፤ በቤቱ ውስጥ ስላለችው ሴት መብት ግን ፈጽሞ አላሰበም። ወንድሜ ሆይ፤ እንደዚህ ያለ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህም መልሱን ለእርሱ ብቻ ከመስጠት ይልቅ በእርሱ መንገድ ላይ ላሉት ሁሉ ልጽፈው ወደድሁ።

ምዕራፍ 1፤ ምክንያትን ማሟላት ከመመካት ጋር የማይጋጭ ስለ መሆኑ

አንተ ነጋዴ ሆይ፤ እስቲ ስለ ራስህ ልጠይቅህ። የሱብሒን ሰላት ሰግደህ ሱቅህን የምትከፍተው ለምንድር ነው? ዕቃውን የምታራግፈው፣ የጎደለውን የምትሞላው፣ የመንገዱን ወሬ የምትጠይቀው ለምንድር ነው? ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን ታምን የለምን? ታምናለህ፤ ነገር ግን በተዘጋ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ገዢ የሚጠብቅን ሰው «በአላህ የተመካ» አትለውም፤ ሰነፍ ትለዋለህ። ማታ ትርፍ ይዘህ ስትገባ ደግሞ «ሱቁ ሰጠኝ» አትልም፤ «አላህ ሰጠኝ» ትላለህ። እንግዲህ ልጅም ከሪዝቅ አንዱ ነው። በዱቄቱና በጨርቁ የምታውቀውን ሕግ በልጁ ጊዜ ለምን ትረሳዋለህ?

አንድ ገጠሬ ግመሉን ሳያስር ለቆ በአላህ እንደ ተመካ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በነገራቸው ጊዜ፣ አስቀድሞ እንዲያስረውና ከዚያ በኋላ እንዲመካ እንዳዘዙት በሐዲስ ተዘግቦ የታወቀ ነው። ዳግመኛም ገጠሬዎች መጥተው መድኀኒት ይፈልጉ እንደ ሆነ በጠየቋቸው ጊዜ፣ አላህ ፈውስ ያላበጀለት በሽታ እንደሌለ አስታውቀው እንዲታከሙ ፈቀዱላቸው፤ ከዚህ ሁሉ እርጅናን ብቻ ለዩ። ይህን ልዩነት በልብህ ያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ዑመርም (አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው) ወደ ሻም ሲሄዱ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው በተመለሱ ጊዜ «ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን?» ተብለው ተጠይቀዋል። መልሳቸው ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ ማስረዳት ነበር። በሽታው ቀደር ከሆነ መድኀኒቱም ቀደር ነው። መዘግየቱ የተጻፈ ከሆነ ሐኪሙን የምታገኝበትም ቀን የተጻፈ ነው።

በነቢዩ ዘከሪያ ታሪክም ተመልከት። አጥንታቸው ደክሞ፣ ራሳቸው ሸብቶ፣ ባለቤታቸውም መካን ሆነው ሳሉ ልጅን ከመለመን አላቋረጡም። መሻት ማመፅ ቢሆን ኖሮ ልመናቸው በቁርኣን ውስጥ በምስጋና ባልተነሣ ነበር። ስለዚህ አላህ ያልከለከለውን መሻት ኀጢአት አይደለም፤ ኀጢአት የሚሆነው በከለከለው መንገድ መሻት ነው።

ይሁን እንጂ በሌላው ወገንም ገደል አለ። ምክንያትን የሚተው ሰነፍ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ምክንያትን የሚያመልክም የሳተ ነው። ሐኪሙ ዕንቁላልና ዘር ያገናኛል እንጂ ሕይወት አይሰጥም። ሐኪሞቹ ራሳቸው፤ «መልካም የሚመስል ፅንስ እናስገባለን፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው አይይዝም፤ የብዙውንም ምክንያት አናውቅም» ይላሉ። አማኝ የሚመካው ሐኪሙ «አናውቅም» ባለበት በዚያ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ በሚያውቀውም ቦታ ነው።

ምዕራፍ 2፤ በባልና በሚስት መካከል ሚዛንን ስለ ማስተካከል

ሐኪሞች መካንነት የሚሉት፣ ባልና ሚስት ያለ መከላከያ 12 ወር እየተገናኙ ፅንስ ያልተገኘ እንደ ሆነ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ባወጣው መግለጫ፣ በምድር ላይ ካሉት አዋቂዎች ከ6 አንዱ ያህል በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር እንደሚያገኘው አስታውቋል። እንግዲህ በሰፈርህ ስድስት ቤት ብትቈጥር ከእነርሱ አንዱ ይህን ጭንቀት አይቶ ሊሆን ይችላል። ሰዎች ግን በደዌው ስለሚያፍሩ እያንዳንዱ ብቻውን የተፈተነ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ልብ ብለህ ስማ። ከእነዚህ ችግሮች ውስጥ በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ለብቻው ወይም ከሴቲቱ ጋር ተጨምሮ። የዘሩ ቍጥር ማነስ፣ እንቅስቃሴው መድከም፣ መተላለፊያው መዘጋት፣ በቆለጥ ዙሪያ ያሉ ደም ሥሮች ማበጥ፣ እነዚህ ሁሉ ወንድነትን ሳይነኩ ልጅን ሊከለክሉ ይችላሉ። ሰውዬው ብርቱ፣ ጢማም፣ ሸክም የሚያነሣ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩ ግን ደካማ ይሆናል። ወንድነት ሌላ፣ ማስወለድ ሌላ ነው።

የወንዱ ምርመራ ከምርመራ ሁሉ የቀለለ ነው። ዘሩ በዕቃ ተቀብሎ በማጉያ መነጽር ይታያል፤ ሕመም የለበትም፣ ዋጋውም አነስተኛ ነው። የሴቲቱ ምርመራ ግን የደም፣ የማሕፀንና የቱቦ ምርመራ ስለ ሆነ ድካምና ሕመም አለበት። ታዲያ ቀላሉን ትቶ በከባዱ መጀመር፣ እርሱንም ሦስት ጊዜ መደጋገም የትኛው ፍትሕ ነው? አንተ ነጋዴ ሆይ፤ በገበያ አንዱን የሚዛን ሳሕን ብቻ ጭኖ ሌላውን ሳያይ ዋጋ የሚቈርጥ ሰው ብታገኝ ምን ትለዋለህ? በሚዛን የሚያጐድሉ ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው ከቁርኣን ታውቃለህ። የሴት ልጅ ክብር ከቡናና ከጨው የሚያንስ አይምሰልህ።

ለዚያ ነጋዴ የነገርሁት ይህንኑ ነው። እርሱም ዝም ብሎ ሄደ። ከወር በኋላ ተመልሶ መጣና በመስጊዱ ጥግ ተቀምጦ አለቀሰ። የተገኘው ጕድለት በእርሱ ላይ ነበር። «ሸኻችን ሆይ፤ እናቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባለቤቴን ‘ደረቅ እንጨት’ ስትላት ሰምቼ ዝም አልሁ፤ ሌላ ሴት እንዳገባም ስትመክረኝ እርስዋ ከጓዳ ትሰማ ነበር። አንድም ቀን አልመለሰችልኝም» አለኝ። እኔም ወደ አላህ ከመመለሱ በፊት ወደ እርስዋ እንዲመለስ፣ ይቅርታዋንም በእናቱ ፊት እንዲጠይቅ መከርሁት። በእናት ፊት የተሠራ በደል በጓዳ በሚባል ይቅርታ አይካካስምና። እርሱም እንደዚሁ አደረገ።

ምዕራፍ 3፤ የዛሬው ሕክምናና የዑለማ ውሳኔ

በእንግሊዝ አገር ሮበርት ኤድዋርድስና ፓትሪክ ስቴፕቶ የተባሉ ሊቃውንት ቱቦዋ የተዘጋባትን አንዲት ሴት ዕንቁላል አውጥተው፣ ከባልዋ ዘር ጋር በመስታወት ዕቃ አገናኝተው፣ ፅንሱን ወደ ማሕፀንዋ መለሱ፤ ሕፃኒቱም በጁላይ 25 ቀን 1978 ተወለደች። ኤድዋርድስ ስለዚህ ሥራው በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ዐረቦች ይህን «የቱቦ ሕፃን» አሉት፤ ባገራችን ደግሞ አይቪኤፍ በሚለው ስም ይታወቃል። በ1992 ደግሞ በብራስልስ ከተማ አንዲቱን የወንድ ዘር በቀጭን መርፌ ወደ ዕንቁላሉ የማስገባት ጥበብ ፍሬ ማፍራቱ ተገለጸ፤ ይህም ዘራቸው ደካማ ለሆነ ወንዶች ታላቅ በር ከፈተ።

ሕፃኒቱ ከተወለደች ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 23 ቀን 1980 የምስር ሙፍቲ የነበሩት፣ በኋላም የአዝሀር ሸኽ የሆኑት ሸኽ ጃደል ሐቅ ዐሊ ጃደል ሐቅ ፈትዋ ሰጡ። ዕንቁላሉ ከሚስቲቱ፣ ዘሩ ከባልዋ፣ ማሕፀኑም የእርስዋው ከሆነ፣ ለሕክምና አስፈላጊነት የሚደረገው ሁሉ የተፈቀደ መሆኑን ገለጹ፤ ሦስተኛ ሰው የገባበትን ሁሉ ግን ከለከሉ። በ1986 በዐማን ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ ሰባት ዐይነት መንገዶችን መርምሮ፣ የሌላ ሰው ዘር ወይም ዕንቁላል ወይም ማሕፀን ያለባቸውን አምስቱን ከለከለ፤ በባልና በሚስት መካከል ብቻ የሚፈጸሙትን ሁለቱን ግን ጥንቃቄ ሁሉ ተጠብቆ በችግር ጊዜ አለ ነቀፋ ፈቀደ።

የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው። ልጅ አባቱንና እናቱን የማወቅ መብት አለው፤ ውርስም፣ የጋብቻም ክልክልነት በነሰብ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ከሕክምናው በፊት ሦስት ነገር አረጋግጥ። አንደኛ፣ ኒካሑ የጸና ይሁን፤ ከፍቺ ወይም ከባል ሞት በኋላ በብርዶ ተጠብቆ የቆየ ዘር ወይም ፅንስ መጠቀም አይፈቀድምና። ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራው ዕቃዎቹን በስምና በምልክት የሚለይበትን፣ በሁለት ሰው ምስክርነት የሚያረጋግጥበትን ሥርዓት ጠይቅ። ሦስተኛ፣ የተረፉት ፅንሶች ምን እንደሚሆኑ አስቀድመህ በጽሑፍ ተስማማ። ስለ ኀፍረተ ገላም የሆነ እንደ ሆነ፣ ሴት ሐኪም ከተገኘች እርስዋ ትቅደም፤ ካልተገኘች ግን ለችግር የሚያስፈልገው ያህል ይፈቀዳል።

ባገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓመተ ምሕረት ይህን ሕክምና የሚሰጥ የመንግሥት ማዕከል ተከፍቷል። ከዚያ በፊት ወደ ባሕር ማዶ ካልሄዱ በቀር አይገኝም ብለው ተስፋ የቈረጡ ብዙዎች ነበሩ።

ምዕራፍ 4፤ የመሳካትን ዕድል የሚጨምሩ ምክንያቶች

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ግመሉን ማሰር ማለት በዚህ ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ በዝርዝር ስማ።

አንደኛው፣ ጊዜ ነው። ሴት ልጅ ዕንቁላሏን ሁሉ ይዛ ትወለዳለች፤ ዕድሜ ሲጨምር ቍጥሩም ጥራቱም ይቀንሳል፤ ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ መቀነሱ ይፈጥናል። ከ35 በታች በሆኑ ሴቶች በራሳቸው ዕንቁላል ከሚገቡት ፅንሶች ከሦስቱ አንዱ ያህል ሊወለድ ሲችል፣ ከ40 ዓመት በኋላ ከዐሥሩ ወደ አንዱ ያህል ይወርዳል። ቀደም ሲል በሐዲሱ እርጅና ብቻውን እንደ ተለየ አስታውስ፤ ሐኪሞችም እስከ ዛሬ መድኀኒት ያላገኙለት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሚስትህ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ከ35 በላይ ከሆነች ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሐኪም ሂድ። ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ትዕግሥት አይደለም። ሶብር ማለት ከሠሩ በኋላ መጠበቅ ነው እንጂ ሳይሠሩ መቀመጥ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ቀኖችን ማወቅ ነው። ፅንስ ሊገኝባቸው የሚችሉት ቀኖች በየወሩ ስድስት ያህል ናቸው፤ እነርሱም ዕንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከእርሱ በፊት ያሉት አምስት ቀኖች ናቸው። ዕንቁላሉ የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ያህል ቀድሞ ነው። በየሁለትና በየሦስት ቀን መገናኘት እነዚህን ቀኖች አያስመልጥም። ሰባት ሳምንት በመንገድ ቆይቶ ሁለት ሌሊት በቤቱ የሚያድር ነጋዴ፣ ከሐኪሙ በፊት መጠየቅ ያለበት የመንገዱን መዝገብ ነው።

ሦስተኛው፣ ትምባሆና ጫት ነው። ትምባሆ በወንድም በሴትም መውለድን ያዳክማል፤ የሕክምናውንም ፍሬ ይቀንሳል፤ ሺሻም ከእርሱ አይለይም። ጫት አዘውትረው በሚቅሙ ወንዶች ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም የዘሩ ቍጥርና እንቅስቃሴ ቀንሶ ተገኝቷል። የወንድ ዘር ተሠርቶ የሚጠናቀቀው በሁለት ወር ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዛሬ የተውኸው ነገር ፍሬው የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ስለ ሆነ፣ የሕክምናው ቀን ሲደርስ ሳይሆን ሦስት ወር ቀድመህ ተው። ሚስትህ በየቀኑ መርፌ ስትወጋ አንተ የከሰዓት በኋላ እንጨትህን መተው ካቃተህ፣ ልጁን ማን አብልጦ እንደሚሻው ራስህን ጠይቅ።

አራተኛው፣ ሰውነትን ማስተካከል ነው። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ሆነ ከመጠን ያለፈ ክሳት የሴቲቱን ወር ያዛባል፤ ውፍረት የወንዱንም ዘር ይጎዳል። ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ ይንቀሳቀስ፤ ቅባትና ስኳር ይቀንስ። የሞቀ መታጠቢያ ውስጥ መዘፍዘፍም ዘርን ይጎዳል። ሴቲቱም ለመፅነስ ካሰበችበት ጊዜ አንሥታ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቪታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም ትውሰድ፤ ይህ የልጁን አከርካሪና አንጎል ከተፈጥሮ ጕድለት ይጠብቃልና።

አምስተኛው፣ የተሰወረን በሽታ ማከም ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚገባ ቍስልም የሴቲቱን ቱቦ ይዘጋሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቤት ውስጥ የሚገቡት በባልየው እግር መሆኑን አላህ ያውቃል። ቱቦው ከተዘጋ በኋላ ሚስትን መካን ብሎ መፍታት በበደል ላይ በደል መጨመር ነው። ተውበት አድርግ፤ ሁለታችሁም አንድ ላይ ታከሙ። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጉትም የወንድ ሆርሞን ዘርን እስከ ማድረቅ እንደሚደርስ እወቅ።

ስድስተኛው፣ የሐኪሙን ትእዛዝ በሰዓቱ መፈጸም ነው። ዕንቁላል ከመውጣቱ በፊት የሚሰጥ የመጨረሻ መርፌ አለ፤ ዕንቁላሉ የሚወሰደው ከእርሱ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያ መርፌ ያለ ሰዓቱ ከሆነ የወሩ ድካም ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ሕክምናው በረመዳን የወደቀ እንደ ሆነና ሐኪሙ ጾም ይጎዳል ካለ፣ ለበሽተኛ የተፈቀደው ለእርስዋም ተፈቅዷል፤ በሌላ ጊዜ ትክፈለው። ምንነቱ ያልታወቀ ሥር እየቀመሙ ከመድኀኒቱ ጋር መጠጣት ግን ይቅር። ክታብ ጽፎ ገንዘብ የሚቀበለውና ስለ ሩቅ ምስጢር የሚናገረው ጠንቋይ ደግሞ ዕድልን አይጨምርም፤ ሃይማኖትንና ገንዘብን አንድ ላይ ይቀንሳል እንጂ።

ሰባተኛው፣ ስስትን መተው ነው። ነጋዴ ብዙ ዕቃ ሲጭን ብዙ እንደሚያተርፍ ያስባል፤ ስለዚህም «ሦስት አራት ፅንስ አስገቡልን» የሚል ብዙ ነው። ይህ ግን ስሕተት ነው። መንታና ሦስት የሆነ ፅንስ ያለ ጊዜው የመወለድ አደጋ አለበት፤ እናቲቱንም ያሠጋል። የሚበዙት ሐኪሞች ዛሬ አንድ ጥሩ ፅንስ አስገብቶ ሌላውን በብርዶ ማቆየትን ይመርጣሉ። የምትሻው የሆስፒታል አልጋ የሞላበትን ቀን ሳይሆን በሕይወት የሚያድግ ልጅን ነውና።

ስምንተኛው፣ እውነተኛውን ሚዛን መጠየቅ ነው። ማዕከሉ «ከመቶ ይህን ያህሉ ተሳክቶልናል» ሲልህ፤ «ፅንስ የታየበትን ነው ወይስ ሕያው ልጅ የተወለደበትን? ሕክምና ከጀመሩት ሁሉ ነው ወይስ እስከ መጨረሻ ከደረሱት? በሚስቴ ዕድሜስ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። በዋጋው ላይ የሚጨመረውም ልዩ ልዩ ነገር ጥቅሙ ተረጋግጦ እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ብዙው ያልተረጋገጠ ነውና። ሐቀኛ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቈጣም። የሚቈጣውን ግን፣ ሚዛኑን ሲያዩበት እንደሚቈጣ ሻጭ ቍጠረው።

ምዕራፍ 5፤ ያልተሳካ እንደ ሆነ ማንንም አለመክሰስ

እኅቴ ሆይ፤ ይህ ምዕራፍ በተለይ ለአንቺ ነው። ሕክምናው ሳይሳካ ሲቀር ሰዎች ምክንያት ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱንም በሴቲቱ ላይ ያገኙታል። «ደረጃ ወጥታ ነው፤ ቶሎ ተነሥታ ነው፤ ስታለቅስ ሰንብታ ነው» ይላሉ። ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ፅንሱ ከገባ በኋላ በአልጋ ላይ መተኛት ዕድሉን እንደማይጨምር በጥናት ታይቷል። ስለ ጭንቀትም ቢሆን፣ ከ3,500 በላይ ሴቶች ላይ የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስቦ በ2011 የታተመው ምርምር፣ ከሕክምናው በፊት የነበረ ኀዘንና ሥጋት ውጤቱን እንደማይለውጠው አመልክቷል። ስለዚህ ማልቀስሽ ልጅሽን አልከለከለሽም። ዕንባ ከርኅራኄ ነው። ባል ሊያስወግደው የሚገባውን ጭንቀት የሚያስወግደው ሕክምናው እንዲሳካ ብቻ ሳይሆን፣ ሚስቱ የአላህ አደራ ስለ ሆነች ነው።

ቍጥሩንም እንደ ነጋዴ ልተንትንልህ። መቶ ባልና ሚስት በየጊዜው ከመቶ 30 የመሳካት ዕድል ቢኖራቸው፣ በመጀመሪያው 30 ይወልዳሉ፤ 70 ይቀራሉ። ሁሉም ደግመው ቢሞክሩና ዕድሉ ባይቀንስ 21 ይወልዳሉ፤ 49 ይቀራሉ። በሦስተኛው 15 ያህል ይወልዳሉ፤ 34 ይቀራሉ። እንግዲህ አንድ ጊዜ መክሸፉ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ መደጋገሙም ዋጋ አለው። ነገር ግን እነዚያን 34 ተመልከት። እነርሱም ከሌሎቹ ጋር እኩል ጸልየዋል፤ እኩል ተወግተዋል፤ እኩል ከፍለዋል። ሰነፎች አይደሉም፤ የተረገሙም አይደሉም። ዕድልን መጨመር የሰው ሥራ ነው፤ ፍጻሜው ግን የሰው ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ሕክምናውን ሳትጀምሩ፣ ልባችሁ ጸጥ ባለበት ጊዜ፣ ድንበራችሁን በአንድነት ወስኑ፤ ስንት ጊዜ እንሞክራለን? ስንት ገንዘብ እናወጣለን? ልብ በተስፋ በነደደ ጊዜ ድንበር መቁረጥ አይቻልምና። በወለድ አትበደሩ፤ በሪባ የተጀመረ ነገር በረከት የለውም። ቤተ ሰባችሁ የሚበላበትን የሥራ ዕቃ አትሽጡ፤ የሰው ዕዳም እያለባችሁ አትጀምሩ። ሐጅ ያህል ታላቅ ግዴታ እንኳ በችሎታ የተወሰነ ሲሆን፣ ግዴታ ያልሆነው ከችሎታ በላይ እንዴት ይሆናል?

አላህም ሳይሰጥ የቀረ እንደ ሆነ፣ የምእመናን እናት ዓኢሻን (አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው) አስቡ። ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን ከእኅታቸው ልጅ ከዐብደላህ ስም የተነሣ «ኡሙ ዐብደላህ» ተብለው ተጠሩ። ከእርሳቸው ዕውቀት የተቀበለው ሕዝብ እስከ ዛሬ አልተቈጠረም። ማሕፀናቸው ልጅ አለመውለዱ ከደረጃቸው ምን ቀነሰ? የቲምን የሚያሳድግ ሰውም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በጀነት እንደ ሁለት ጣቶች ጎረቤት እንደሚሆን ተስፋ ተሰጥቷል። የቲሙን ስም ወደ ራስህ አትለውጥ፤ በአባቱ ስም ጠብቀው። ፍቅርህን ግን አትሰስትበት። ከመንገድ ዳር በሚያድር ልጅና በባዶ ቤት መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ አንድ በር ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ወንድሜ ሆይ፤ የዚያን ነጋዴ ነገር ሳልነግርህ አልዘጋም። ጫቱንና ሲጃራውን ትቶ ሦስት ወር ቆየ፤ ከዚያም ሁለቱ በአንድነት ታከሙ። የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። በዚያ ቀን እናቱ ነገር ልትጀምር አፍዋን በከፈተች ጊዜ፤ «እማዬ፤ ጕድለቱ የእኔ ነው፤ ድካሙን የተሸከመችው ግን እርስዋ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር የሚናገር ሰው ቢኖር ለእኔ ይናገር» አላት። እናቱም ዝም አለች፤ ማታም ለምራትዋ ሾርባ ሠርታ እስከ መኝታዋ ድረስ ወሰደችላት። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ሁለተኛውን ሙከራ በመጠበቅ ላይ ናቸው፤ ፍጻሜውን አላህ ያውቃል።

እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። ልጁ ገና ሳይመጣ በዚያ ቤት ፍትሕ ገብቷል፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልተነገረው ቃል ተነግሯል። ወደ እኔ የመጣው «ላሳምም ወይስ ልተው?» ብሎ ነበር፤ መልሱንም ያገኘው ከመጽሐፍ ይልቅ በሚስቱ ፊት ነው። አንተም ምክንያቱን ሁሉ አሟላ፤ ሚዛኑንም አስተካክል፤ ከዚያ በኋላ እጅህን ወደ ሰማይ ዘርጋ።

ጌታችን ሆይ፤ ልጅ ለሚሹት ሷሊሕ ልጅ ስጣቸው፤ ለዘገየባቸው ትዕግሥትን፣ ለከለከልሃቸውም ከልጅ የሚበልጥ በረከትን ስጣቸው። ባሎችን ለሚስቶቻቸው ፍትሐውያን፣ ሐኪሞችን ለበሽተኞቻቸው ሐቀኞች አድርጋቸው። አሚን።